ጦስኝና ጠብታ

አያት አካባቢ ካለ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት በየማለዳው የምታደርገው ነገር አለ። ልጆቿ ሳይነሱ፣ የመሥሪያ ቤቷ ሰርቪስ ሳይደርስ፣ ወጥ ቤቷ መስኮት ሥር ትቆምና ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ታወርዳለች። አራት ጠብታ ምላሷ ላይ ታንጠባጥባለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ቀኗ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠርሙሷን የላከችላት ሜሪላንድ የምትኖር ታናሽ እህቷ ናት። "እትዬ፣ ይኼ የአበባ ነው፤ ኬሚካል የለውም" ብላታለች በስልክ። "ጭንቀት ያቀላል። አራት አራት ጠብታ፣ በቀን አራት ጊዜ። ዋናው ነገር ግን ጠብታው አይደለም፤ የማለዳ ሥርዓት እንዲኖርሽ ነው።"

ሥርዓት የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ኋላ እንመለስበታለን።

እህትማማቾቹ የመንዝ ልጆች ናቸው። ያደጉት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ የጓሳ ውርጭ በሚወርድበት ቀበሌ ነው። እናታቸው ዛሬም እዚያው ናቸው። እኚህ እናትም በየማለዳው የሚያደርጉት አላቸው። ባናቸውን እንደደረቡ እሳት ያያይዛሉ፣ ያረጀች ማንቆርቆሪያ ይጥዳሉ፣ ከጓዳ ከተንጠለጠለው እሳር ቅርጫት አንድ ጭብጥ ጦስኝ ከነአበባው ዘግነው ይጨምራሉ። ቤቱ ሽታውን እስኪጠግብ ይጠብቃሉ። በሁለት እጃቸው ሲኒውን ይዘው፣ አፋቸው ውስጥ ዳዊታቸውን እያነበነቡ፣ ፉት ይላሉ።

እናትና ልጅ በሁለት ከተማና ገጠር፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ዓይነት አበባ ይጠጣሉ። ለዓመታት አንዱ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ያገናኛቸው አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

* * *

ወደ ጥሪው ከመሄዳችን በፊት የጠርሙሷን ነገር እንጨርስ።

የአበባ ጠብታ የሚባለው ነገር አባት እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ባች ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1886፣ የሞተው በ1936 ነው። ተራ ሰው አልነበረም። ለንደን ውስጥ በባክቴሪያ ምርምር ስም ያተረፈ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ግን ክሊኒኩን ዘግቶ ወደ ገጠር ወጣ። በሽታ ሁሉ ከስሜት መታወክ ይመነጫል፣ ስሜትን የሚያክም ደግሞ አበባ ነው ብሎ አመነ። ማለዳ አበባ ላይ የምትተኛው ጤዛ ፀሐይ ሲነካት የአበባውን ኃይል ትይዛለች አለ።

ጤዛ መልቀም አድካሚ ስለሆነ ዘዴ ፈጠረ። ንጹሕ የምንጭ ውሃ በብርጭቆ ሳህን ይቀዳል፤ አበባው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ይቆያል። ከዚያ አበባው ይወጣል፤ ውሃው ከብራንዲ ጋር ይቀላቀላል፤ እንደገና ይቀጥናል። ጠንካራ ለሆኑት የዛፍ አበቦች ደግሞ በፀሐይ ፈንታ ማፍላት ይጠቀማል። እንዲህ አድርጎ 38 ዓይነት አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ስሜት። የወይራ አበባ ለምሳሌ ጉልበቱ ለተሟጠጠ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ጳጉሜ 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ሲጥል ልብሱን አውልቆ የሚሮጥ ሕፃን ያላየ የለም። ውሃ ሌላ ነገር ይዞ ሊወርድ ይችላል የሚለው እምነት በዚህ አገር የቆየ ነው። ልዩነቱ ግን አለ። የሩፋኤልን ዝናብ ማንም አሽጎ፣ የመጠን ትእዛዝ ለጥፎ አይሸጠውም። እምነቱም እምነት መሆኑን አይደብቅም።

ጠብታው ግን እንደ መድኃኒት ስለሚሸጥ እንደ መድኃኒት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ኤድዛርድ ኤርንስት እስከዚያ የተደረጉትን ሰባት የሙከራ ጥናቶች ሰብስቦ መረመረ። ጠብታው ምንም ከሌለበት ማስመሰያ ጋር በተነጻጸረባቸው ጥናቶች ሁሉ ብልጫ አልታየበትም። የሚጠበቅም ነው። ሳህን ላይ ለሦስት ሰዓት የተንሳፈፈ አበባ፣ ተቀጥኖ ተቀጥኖ ሲያልቅ፣ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው ውሃና ጥቂት አልኮል ነው።

ታዲያ ያቺ ሴት ለምን ይቀላታል? መቅለሉማ እውነት ነው። ባለቤቷም መስክሯል፤ ጠዋት ጠዋት በልጆቹ ላይ መጮህ ቀንሳለች። መልሱ ያለው ጠብታው ላይ ሳይሆን ቆጠራው ላይ ይመስላል። በቀን ውስጥ ማንም የማይጠራት፣ ስልክ የማይጮህባት፣ ሪፖርት የማትጠየቅበት ሰዓት ያ ብቻ ነው። እስከ ሃያ መቁጠር ለማንም ሰው በነጻ የተፈቀደ ነው። ሰው ግን ምክንያት ካልሰጡት በነጻ አይቆምም። ጠርሙሷ ምክንያት ሆነችላት። በዚህ ላይ ሊፈረድባት አይገባም።

ችግሩ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው።

* * *

አበባ ምንም አይሠራም ማለት ግን አይደለም። የዚህ አገር ሰው አበባ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ያወቀውም አንጀቱን ቆርጦት ነው። የኮሶን አበባ ማለት ነው።

ኮሶ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጨለጣል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል የሁሉም ቤት እንግዳ ነበርና፣ ጌታም ሎሌም በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የኮሶ ቀን ሥራ አይኬድም። እንግዳ አይቀበሉም። ይህም ሥርዓት ነበር፤ የሚያስታውስ ማስታወቂያ ሳያስፈልገው ሰው ቀኑን ቆጥሮ የሚፈጽመው።

ይህ አበባ በእርግጥ ይሠራል። ከመሥራቱ የተነሣ ባሕር ተሻገረ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎበታል። ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበት "ሀጌኒያ" የሚለው ስም የተሰጠው ግን ለአንድ የጀርመን መድኃኒት ቀማሚ መታሰቢያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሸጥ ነበር። ኋላ ቀለል ያሉ ክኒኖች ሲመጡ ተረሳ።

ግን የሚሠራ ነገር ይጎዳልም። ኮሶ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ ዓይን እስከማጥፋት የደረሰበት ጊዜም በሐኪሞች ተመዝግቧል። ስለዚህ የጥንቷ ባለመድኃኒት ስትሰፍር ትጠነቀቅ ነበር፤ ለነፍሰ ጡር አትሰጥም፤ ለደካማ ትቀንሳለች። ኃይል ያለው አበባ ሚዛን ይፈልጋል። "ምንም ጉዳት የለውም" ተብሎ የሚሸጥ አበባ ሲገኝ መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ከዚህ ይመጣል፦ የማይጎዳው የዋህ ስለሆነ ነው ወይስ ምንም ስለሌለበት?

ሌላም ነገር አለ። ይህን መድኃኒት ለገበያ የምታቀርበዋ ሴት ክብር አልነበራትም። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ገና ከመንገሣቸው በፊት ጠላቶቻቸው የሰደቧቸው "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ ነበር። ኮሶውን የማይጠጣ መኳንንት አልነበረም። ሻጯ ግን መሰደቢያ ነበረች። አበባው የሁሉም፣ ውርደቱ የሻጯ። ይህ ነገር ያለፈ እንዳይመስላችሁ።

* * *

የስልኩ ጥሪ የመጣው አምና በበጋ ነው። የጎረቤት ልጅ ነው የደወለው። "እናትሽ ራሳቸውን አዙሯቸው ወድቀዋል። ጤና ጣቢያ ወስደናቸዋል። ግፊት ነው አሉ።"

እናትየው የደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። የሚውጡት ክኒን ነበራቸው። ልጆቻቸው ወዲያው የደረሱበት ድምዳሜ አንድ ነበር፦ እማዬ ክኒኑን ትታ በጦስኝ ተክታዋለች።

እንዲህ ማሰባቸው አይገርምም። ጦስኝ ለግፊት ይጠቅማል የሚለው ነገር ከመንዝ እስከ መርካቶ የሚነገር ነው። ያለ ምክንያትም አይነገርም። በላብራቶሪ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተክሉ የደም ግፊትን የሚነካ ነገር እንዳለው አመልክተዋል። ለጉሮሮና ለሳል የሚታወቅበት ጠንካራ ሽታውም ታይሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ነው፤ ጀርም ሲገድሉ የታዩ ናቸው። ስለዚህ የእናትየው ሲኒ ከልጅየው ጠርሙስ የበለጠ ነገር ይዟል። ነገር ግን አይጥ ላይ የታየ ምልክት ለሰባ ዓመት እናት የሕክምና መጠን አይሆንም። የግፊት ክኒን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ግፊቱ ተመልሶ ሊያሻቅብ ይችላል። በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አዋቂዎች ግፊት አለባቸው፤ ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ነው የሚኖሩት። ዝም ብሎ የሚሠራ በሽታ ነው።

ታናሺቱ ከሜሪላንድ ስልክ ላይ አለቀሰች። ቀጥላም "እትዬ፣ ከኔ ጠብታ ብትጀምር ቢያንስ ያረጋጋታል፤ በመጪው ሰው እልካለሁ" አለች። ታላቂቱ አልመለሰችላትም። ቦርሳዋን እያሰናዳች ነበር።

ከአዲስ አበባ ጓሳ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰላም ጊዜ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገደኛ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው "ዛሬ ክፍት ነው ወይ?" ብሎ ነው። ሴትየዋ ደብረ ብርሃን ሁለት ሌሊት አደረች። በሦስተኛው ቀን መኪና ተገኘ፤ ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መንዝ ሽቅብ ወጣ።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ዛፍ ያልቃል፣ ሣር ይጀምራል። ያ ሣር ነው ስሙን ለአገሩ የሰጠው። ጭላዶች ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይለቅማሉ። ዕድለኛ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያደባ ያያል። ጅባራው ብቻውን ቆሟል፤ ለዓመታት ሳያብብ ይኖርና አንድ ጊዜ ወደ ላይ እንደ ዓምድ አብቦ ይሞታል። ከሣሩ ሥር፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣ መሬቱን ተለጥፎ የሚሄደው ትንሹ ተክል ጦስኝ ነው። ሲያብብ አበባው ሐምራዊ ሮዝ ነው። የሚረግጠው እግር ሳያየው ይሸተዋል።

መኪናው ለአፍታ ሲቆም ሴትየዋ ወረደች። ሽታው ሲደርስባት ዓይኗን ጨፈነች። መቁጠር ግን አላስፈለጋትም።

* * *

እናትየው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከስተዋል፤ ግን ተሽሏቸዋል። ልጅየው መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችውን ቁጣ አወጣች።

"እማዬ፣ እንዴት ክኒኑን ትተሽ በቅጠል ትኖሪያለሽ?"

እናትየው አልመለሱም። ተነሥተው ከራስጌያቸው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጡና ጭኗ ላይ ዘረገፉላት። ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች ናቸው። አንዱንም አልጣሉም። ተጫን ተጫን ተደርገው ባዶ የሆኑ፣ ብር የሚመስሉ፣ አንድ በአንድ የተደረደሩ።

"አልተውኩትም፤ አልቆ ነው" አሉ። "መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ቤቱም ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ይመጣል ብዬ ማሸጊያውን ያስቀመጥኩት ስሙን እንዳልረሳ ነው። እኔ ማንበብ አልችል። የማያልቀው ጦስኙ ነው፤ እሱን ጠጣሁ።"

ልጅየው ማሸጊያዎቹን እያገላበጠች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ስለ ባህል መድኃኒት በየቴሌቪዥኑ የሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ "ያልተማረ ሕዝብ ሳይንስ አይቀበልም" ይላል። ሌላው "የአባቶችን ጥበብ ናቅን" ይላል። ሁለቱም ሰውየው የመረጠ ይመስላቸዋል። እናትየው ግን አልመረጡም። ክኒኑ በእጃቸው በነበረ ጊዜ ክኒኑንም ውጠዋል፣ ጦስኙንም ጠጥተዋል፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ምርጫ ያላት ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ናት። የኢንሹራንስ ካርዷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ሐኪሟ በቀጠሮ ያያታል፤ ጠብታው ከዚያ ሁሉ በላይ የሚጨመር ጌጥ ነው። ጠብታው ምንም ባይሠራ የሚጎድልባት የለም። የእናትየው ሲኒ ካልሠራ ግን ሰው ይወድቃል።

ለአንዷ የአበባ ማለዳ ምቾት ነው። ለሌላዋ ሁሉም ነገር ሲያልቅ የቀረ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም፣ "ተፈጥሯዊ ሕክምና" ብሎ መጥራት የሚቻለው ቆርቆሮው ውስጥ ያላየ ሰው ብቻ ነው።

* * *

ማታ ላይ እሳት ዳር ተቀምጠው ልጅየው "ደግነቱ ጦስኝ አያልቅም" አለች፤ እናቷን ለማጽናናት ብላ ነው።

"ማን አለሽ?" አሉ እናትየው። "እሱም እያለቀ ነው።"

ድሮ ጦስኝ በጥፍር ጫፉ ይቀነጠስ ነበር። ሥሩ ይቀራል፤ ዝናብ ሲዘንብ ያቆጠቁጣል። አሁን ግን በኩንታል የሚፈልግ ገዢ መጥቷል። ጦስኝ አዲስ አበባ ውስጥ በሚያምር ወረቀት ታሽጎ ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል፤ ለሻይ፣ ለቅመም፣ ለስጦታ። በዚህ ላይ ክፋት የለም፤ የመንዝ ልጅ ከገብስና ከበግ ሌላ ገቢ ቢያገኝ ደግ ነው። ግን ኩንታል ለመሙላት የሚቸኩል እጅ አይቀነጥስም፤ ይነቅላል። ከሥሩ የተነቀለ ጦስኝ ለከርሞ የለም። መንገድ ዳር ቆማ በአንድ እፍኝ የምትሸጠውን ልጅ ደግሞ ተሳፋሪው በመስኮት ይከራከራታል፤ ያው እፍኝ ከተማ ሲገባ ስንት እጥፍ እንደሚሆን እያወቀ። የኮሶ ሻጯ ነገር ያላለፈው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሥርዓት ወደሚለው ቃል እንመለስ።

በአማርኛ ሥርዓት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በየጊዜው የሚደጋገም አድራጎት ነው፤ የቡና ሥርዓት፣ የጸሎት ሥርዓት እንደሚባለው። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ "ሥርዓት ያለው አገር" ሲባል የሚታሰበው። ቋንቋው ሁለቱን ያልለየው በስሕተት አይደለም። ደጋግሞ የሚደረግ ነገር እንዲኖር የሚጠብቀው ሕግ ያስፈልገዋል።

ጓሳ ለዚህ ከማንም የተሻለ ምስክር ነው። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ገራ የተባሉ ሁለት አባቶች ጓሳን አካለው ለዘሮቻቸው አወረሱ። መተዳደሪያውም "ቄሮ" ይባላል። ከቅርብ ዘመኑ የፖለቲካ ስም ጋር እንዳይምታታ፤ ይህ የመንዝ የጋራ መሬት ሕግ ነው። ጓሳው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ጊዜ ማንም ሣር አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ፣ የሚከፈትበት ቀን ተቆርጦ ይነገራል፤ ሁሉም ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ ያጭዳል። ኃላፊው በሕዝብ የሚመረጥ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ የተራ ግዴታ ነው። በተዘጋ ጊዜ በተሰረቀ ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ ይቃጠልበት እንደነበር ይነገራል። ጨካኝ ይመስላል። ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ ክፉውን ዘመን በዚያ ሣር ነበር የሚያልፈው።

ይህ ሕግ ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ቆመ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር በርስት ላይ የተመሠረተው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ ለጓሳ ግን ባለቤት ማጣት ነበር። ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከየቀበሌው ሰው አውጥቶ አዲስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ጥበቃውን ከአዲሱ አስተዳደር ጋር አስማምቶ መለሰ። ኋላም ክልሉ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ ቀይ ቀበሮው ያለው፣ ጭላዳው ያለው፣ ጦስኙም ድንጋይ ለድንጋይ ያለው፣ አንድ ሰው ተራው ደርሶ ብርድ ላይ ስለቆመ ነው።

የዘመኑ "የማለዳ ሥርዓት" የመጀመሪያውን ትርጉም ወስዶ ሁለተኛውን ይጥላል። ጠጣ፣ ተንፍስ፣ ራስህን ውደድ ይላል። አበባው ከየት መጣ፣ ማን ቀነጠሰው፣ ለከርሞ ይኖራል ወይ፣ የለቀመችው ሴት ክኒን አላት ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጠርሙሱ ውስጥ የጎደለው አበባ ብቻ አይደለም፤ ይህም ጭምር ነው።

* * *

ሴትየዋ ከመንዝ ከተመለሰች በኋላ ያደረገችው ትልቅ ነገር አይደለም። የማሸጊያውን ስም ይዛ የሦስት ወር ክኒን ገዛች። ለታናሽ እህቷ ደውላ "ጠብታው ይቅር፤ ገንዘቡን ላኪ" አለቻት። ክኒኑን የሚያደርስ የታመነ ሾፌር አገኘች። መንገድ ሲከፈት ሁልጊዜ ሳያልቅ ቀድሞ እንዲደርስ፣ ቀኑን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ትከባለች። የኮሶን ቀን እንደሚቆጥሩት አባቶች፣ እሷም የምትቆጥረው ቀን አገኘች።

ሾፌሩ ሲመለስ ባዶ እጁን አይመጣም። በጨርቅ የተቋጠረ ጦስኝ ይዞ ይመጣል፤ ከነአበባው። በመጀመሪያው ጊዜ ከቋጠሮው ጋር የመጣው የእናትየው መልእክት አጭር ነበር። "በሏት" ብለው ነበር ለሾፌሩ፣ "ሥሩን አልነካሁትም።"

ቡናማዋ ጠርሙስ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለች። ሴትየዋ አልጣለቻትም፤ አትጠላትም። ጠዋት ጠዋት ግን ማንቆርቆሪያ ትጥዳለች፤ ቤቱ ሽታውን እስኪጠግብ ትጠብቃለች፤ ሲኒውን በሁለት እጇ ትይዛለች። የግፊቷን ልኬት በየስድስት ወሩ ታስለካለች፤ በዘር ይመጣል ብለዋታል። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ መንዝ ትደውላለች። ኔትወርክ ካለ፣ የምትጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"እማዬ፣ የዛሬውን ዋጥሽ?"